ሱዙኪ ጂኤስኤክስ-ኤስ1000ጂቲ ከያማሃ ትሬሰር 9 ጂቲ አጠገብ ስትቆም

ሱዙኪ ጂኤስኤክስ-ኤስ1000ጂቲ የተባለችውን ሞተር ሳይክል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ይፋ ካደረገ ወዲህ የረጅም መንገድ ነጂዎች በሁለት ጎራ ተከፍለው ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን 152 የፈረስ ጉልበቷን ይዞ «በዚህ ዋጋ ይህን ያህል ጉልበት የት ይገኛል?» ይላል። ሌላው ደግሞ «አይኤምዩ (የማጋደል ሴንሰር) የሌላት ሞተር ሳይክል በዚህ ዘመን አትገዛም» ብሎ ገና ሳይነዳት ይተዋታል። ሁለቱም የያዙት እውነት ነው። ግን ሁለቱም ከኋላ ማን እንደሚቀመጥና ስንት ኪሎ እንደሚጫን ሳይጠይቁ ነው የሚፈርዱት። እኔ እንደማየው የዚህች ሞተር ሳይክል ዋጋ ተገቢ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እናስተካክል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በአሜሪካ ገበያ የ2022ቷ ጂቲ መነሻ ዋጋ 13,149 ዶላር፣ የጎን ሻንጣ ያላት ጂቲ ፕላስ ደግሞ 13,799 ዶላር ነበር። የ2021ዱ ያማሃ ትሬሰር 9 ጂቲ 14,899 ዶላር ነበር፤ ሻንጣዎቹ ግን ዋጋው ውስጥ አሉ። ስለዚህ ሻንጣ የሌላትን ሱዙኪ ሻንጣ ካለው ያማሃ ጋር አነጻጽሮ «1,750 ዶላር ትረክሳለች» ማለት ትክክል አይደለም። እውነተኛው ልዩነት 1,100 ዶላር ነው። ለጂቲ ፕላስ የሚጨመረው 650 ዶላር እያንዳንዳቸው 25.7 ሊትር የሚይዙ ሁለት ሻንጣዎችን ከነመስቀያቸው ያስገኛል፤ በኋላ ለብቻ እገዛለሁ የሚል ሰው በዚህ ዋጋ አያገኛቸውም። ለመጓዝ የሚገዛ ሰው ፕላሷን ይውሰድ።

ያማሃ በዚያ 1,100 ዶላር የሚሰጠው ቀላል አይደለም፦ ባለ ስድስት አቅጣጫ አይኤምዩ፣ መታጠፊያ ላይ የሚሠራ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል የፍሬን ሲስተም)፣ መንገዱን እያነበበ ራሱን የሚያስተካክል የካያባ ሾክ አብዞርበር፣ የሚሞቅ የመሪ እጀታና መሀል ማቆሚያ። ከእነዚህ ውስጥ ሱዙኪዋ ላይ በኋላ በቀላሉ ሊጨመር የሚችለው የሚሞቀው እጀታ ብቻ ነው። ሱዙኪ በበኩሉ አንድ ተጨማሪ ሲሊንደር፣ ባለ ሙሉ ቀለም 6.5 ኢንች ስክሪንና የብሬምቦ ሞኖብሎክ (ከአንድ ወጥ ብረት የተሠራ) የፊት ፍሬን ያቀርባል። የ2021ዱ ትሬሰር ሁለት ትንንሽ 3.5 ኢንች ስክሪኖች ነበሩት፤ ጽሑፋቸው መነጽር ለሚያደርግ ሰው ደቃቅ ነው። ያማሃም በ2023ቱ ጂቲ ፕላስ ላይ ወደ አንድ 7 ኢንች ስክሪን ተሻግሯል።

ወደ ሞተሯ ስንመጣ፣ የጂቲ ትልቁ ሀብት እዚህ አለ። ሥሩ የ2005ቱ ጂኤስኤክስ-አር1000 ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 73.4 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 59 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላ 999 ሲሲ። የፒስተን ጉዞው ለውድድር ሞተር ረዘም ያለ በመሆኑ ከታች ጀምሮ ይጎትታል፤ ሱዙኪ በ2009 የውድድር ሞተሩን ወደ አጭር ጉዞ ሲቀይር ይህኛውን ለመንገድ ሞተር ሳይክሎች ያስቀረውም በዚህ ጠባዩ ነው። ከፍተኛው ጉልበት በደቂቃ በ11,000 ዙር ላይ ይገኛል፤ ከፍተኛው ቶርክ (የማዞር ኃይል) ደግሞ 106 ኒውተን ሜትር ሆኖ በ9,250 ዙር። የያማሃው ባለ ሦስት ሲሊንደር 890 ሲሲ ሞተር 119 የፈረስ ጉልበት በ10,000 ዙር፣ 93 ኒውተን ሜትር በ7,000 ዙር ይሰጣል።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው 33 የፈረስ ጉልበት ልዩነት በየመንገዱ የሚሰማው ሊመስለው ይችላል። አይሰማውም። ያን ልዩነት ለማግኘት ሞተሩን ከ9,000 ዙር በላይ ማስጮህ ያስፈልጋል፤ ሻንጣ ጭኖ፣ ከኋላ ሰው አስቀምጦ እዚያ የሚደርስ ጥቂት ነው። ከ3,000 እስከ 6,000 ዙር ባለው፣ አብዛኛው ጉዞ በሚያልቅበት ክልል፣ ያማሃው ወደ ከፍተኛ ቶርኩ ቀድሞ ስለሚደርስና 220 ኪሎ ስለሚመዝን ከ226 ኪሎዋ ሱዙኪ ብዙም ወደኋላ አይቀርም። ሱዙኪዋ የምትበልጠው አውራ ጎዳና ላይ ነው። ከ110 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ የጭነት መኪና ለመቅደም ማርሽ መቀነስ አያስፈልጋትም፤ የአራቱ ሲሊንደሮች ለስላሳነትም ከብዙ ሰዓት በኋላ እጅና ትከሻ ላይ ይታወቃል።

ከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው አንድ ነገር ይጨምርበት። ሁለቱም ያለ ተርቦ የሚተነፍሱ ሞተሮች ናቸው። ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሩ በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ቅነሳው 20 በመቶን ያልፋል። ኮምፒዩተሩ የነዳጁን ድብልቅ ያስተካክላል እንጂ የሌለ አየር አያመጣም። ከጉልበት ትርፍ ያላት ሞተር ሳይክል የምትጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ የሱዙኪን ወገን የያዙት ይህን ክርክር ለምን እንደማያነሱት ይገርመኛል።

አሁን ወደ አይኤምዩው። አይኤምዩ ሞተር ሳይክሏ በየትኛው አቅጣጫ ምን ያህል እንዳጋደለች የሚለካ ሴንሰር ነው። እሱ ከሌለ ኤቢኤሱ የሚያውቀው የጎማዎቹን ፍጥነት ብቻ ነው። መታጠፊያ ውስጥ አጋድሎ እያለ ድንገት ፍሬን ለሚጨብጥ ነጂ ይህ አደገኛ ነው፦ ኤቢኤሱ ጎማው እንዳይቆለፍ ቢከላከልም ሞተር ሳይክሏ ቀጥ ትልና ከመስመሯ ወደ ውጭ ትወጣለች። አይኤምዩ ያለው ሲስተም የፍሬኑን ግፊት ቀስ አድርጎ ስለሚያሳድግ መስመሩን ለመጠበቅ ይረዳል። የጂቲ ትራክሽን ኮንትሮል (የኋላ ጎማ በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚቆጣጠረው ሲስተም) አምስት ደረጃ አለው፤ የፊትና የኋላ ጎማን ፍጥነት እያወዳደረ ይሠራል። ለደረቅ መንገድ 2 ይበቃል፤ ለዝናብና ለአሸዋማ አስፋልት 4 ወይም 5 ላይ ማድረግ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጣልቃ ገብነቱ ይጨምራል። ዓመቱን ሙሉ በዝናብ፣ ጠመዝማዛ ተራራ ላይ የሚነዳ ሰው ያለ አይኤምዩ ባይገዛ እመክራለሁ። ለቀሪው ሰው ግን የጎደለችው ነገር ሌላ ነው።

እሱም የኋላ ሾክ አብዞርበሯ ነው። ፊት ለፊት ያለው 43 ሚሊ ሜትር የካያባ ሹካ በሁሉም በኩል ይስተካከላል። ከኋላ የሚስተካከሉት ግን ፕሪሎድ (ሞላው አስቀድሞ የሚጨመቅበት መጠን) እና ሪባውንድ (ሞላው ተመልሶ የሚዘረጋበት ፍጥነት) ብቻ ናቸው። ፕሪሎዱ በእጅ የሚዞር ጉልላት የለውም፤ ሞላው ላይ ያለውን ደረጃ ደረጃ ቀለበት በመንጠቆ ቁልፍ እየገፉ ነው የሚያዞሩት። ይህ ለስፖርት ቱሪንግ (ለፈጣን የረጅም መንገድ ጉዞ) ለተሠራች ሞተር ሳይክል ትልቅ ጉድለት ነው። ነጂው ዓርብ ብቻውን፣ ቅዳሜ ከባለቤቱና ከሻንጣ ጋር የሚወጣ ከሆነ በየጊዜው መስተካከል አለበት፤ አስቸጋሪ ስለሆነ ግን ማንም አይነካውም። ውጤቱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የኋላው ይቀመጣል፣ የፊቱ ይቀልላል፣ መሪው ለመታጠፍ ይዘገያል፣ ሞተር ሳይክሏ መታጠፊያ ላይ ወደ ውጭ ትሰፋለች፣ ማታ የፊት መብራቱ ከመንገዱ ይልቅ የሰውን ዓይን ያበራል። ብዙዎች «ሻንጣ ሲጫን ትከብዳለች» የሚሏት ጂቲ አብዛኛውን ጊዜ ፕሪሎዷ ያልተነካ ጂቲ ናት።

አስተካከሉ እንዲህ ነው። ሁለት ረዳት ያስፈልጋል። መሀል ማቆሚያ ስለሌላት አንዱ በጎን ማቆሚያዋ ላይ ደግፎ የኋላ ጎማው ከመሬት እስኪላቀቅ ያዘንብላታል፤ ሌላው ከጎማው መሀል ብሎን እስከ ጭራዋ ላይ ወዳለ አንድ ምልክት ድረስ በሜትር ይለካል። ከዚያ ነጂው ከነሙሉ ልብሱና ሄልሜቱ እግሩን መርገጫው ላይ አድርጎ ይቀመጥና ያው ርቀት እንደገና ይለካል። ልዩነቱ ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጥሩ ነው። ከበለጠ ቀለበቱን አንድ ደረጃ አጥብቆ እንደገና መለካት። በኋላ ከኋላ የሚቀመጠውን ሰውና የተሞላ ሻንጣ ጨምሮ ይህንኑ መድገምና የሁለቱን ደረጃ ቁጥር ጽፎ መቀመጫ ሥር ማስቀመጥ ነው። ፕሪሎድ ሲጨመር ሞላው በኃይል ስለሚመለስ ሪባውንዱን ሩብ ዙር ያህል ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ ካልተደረገ እብጠት ላይ ስትወጣ የኋላዋ ሁለት ሦስት ጊዜ ትዘላለች። ሁለቱም ሰዎች ከባድ ከሆኑና ቀለበቱ መጨረሻው ደርሶ ልኩ ካልመጣ የፋብሪካው ሞላ አይበቃም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ከያማሃው የተረፈችው 1,100 ዶላር ጉልላት ባለው የተሻለ ሾክ አብዞርበር ላይ ትዋል።

ጎማ ላይ አላበዛም። ከፋብሪካ የሚመጣው ደንሎፕ ሮድስፖርት 2፣ የኋላው 190/50 (ስፋቱ 190 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 50 በመቶ) ነው። ጎማው ከላይ ጠፍጠፍ ስለሚል መጀመሪያ ላይ ለማጋደል ያመነታል። ሲያልቅ 190/55 የሚያስገቡ ብዙ ናቸው፤ መታጠፏ ይፈጥናል። የኋላዋ ትንሽ ከፍ እንደሚልና የፍጥነት ንባቡ በጥቂቱ እንደሚቀየር ግን ይታወቅ።

የንፋስ መከላከያዋ ቋሚ ነው፤ ከፍና ዝቅ አይልም። በዚህ ያማሃው ያለ ጥርጥር ይበልጣታል፤ የእሱ በእጅ ይስተካከላል። ረዥም ሰው ላይ ንፋሱ ሄልሜቱ ላይ ያርፍና ያንጓጓል። ሱዙኪ 70 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ መከላከያ ለብቻ ይሸጣል። ከመግዛት በፊት ግን አንድ ቀላል ፈተና አለ፦ ቀጥ ባለ ባዶ መንገድ ላይ ለአፍታ መቀመጫው ላይ ከፍና ዝቅ ብሎ ጩኸቱ የሚቀንስበትን ማየት። ከፍ ሲባል ጸጥ ካለ ችግሩ የተረበሸው ንፋስ ነውና ትልቅ መከላከያ ሊያባብሰው ይችላል።

የሁለቱም የነዳጅ ታንከር 19 ሊትር ነው። ያማሃ በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ይላል፤ ለሱዙኪዋ 6 ሊትር ገደማ ማሰብ ይሻላል። ስለዚህ አንደኛው እስኪደርቅ 380፣ ሌላዋ 315 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትሄዳለች። ማደያ በሚርቅበት አገር ይህ የአንድ ማቆሚያ ልዩነት ነው። ስክሪኗ ላይ ካርታ ለማየት ስልክ ማገናኘትና ማይስፒን የሚባለውን አፕ መጫን ያስፈልጋል፤ አፑ የሚቀበላቸው ፕሮግራሞች ግን ውስን ናቸው።

የጥገና ወጪ በክርክሩ ውስጥ የተረሳው ቁጥር ነው። የሱዙኪ ቫልቭ (የሞተሩ አየር ማስገቢያና ጭስ ማስወጫ በር) ክፍተት በየ24,000 ኪሎ ሜትር ይፈተሻል፤ የያማሃው በየ40,000። ሱዙኪዋ 16 ቫልቭ፣ ያማሃው 12 አለው። ከልኩ የወጣ ቫልቭ ከተገኘ ሺሙን (ክፍተቱን የሚያስተካክለውን ትንሽ የብረት ቁራጭ) ለመቀየር ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) መነሳት አለበት፤ ሥራው የብዙ ሰዓት ነው፣ የሚከፈለውም በሰዓት ነው። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው አምስት ዓመት ውስጥ ሱዙኪዋን ሦስት ጊዜ፣ ያማሃውን አንድ ጊዜ ያስከፍታል። ከ1,100 ዶላሩ ጥሩ ድርሻ እዚያ ይመለሳል። ካቴናው የሁለቱም ዕዳ ነው፦ በየ500 እና 1,000 ኪሎ ሜትር መሀል፣ ከዝናብ በኋላ ደግሞ ወዲያው ማጽዳትና መቀባት። መሀል ማቆሚያ የሌላት ሱዙኪ ይህን ሥራ ስለምታከብደው የኋላ ማንሻ አብሮ መግዛት ግድ ይላል።

ብቻውን ወይም ቀላል ጭነት ይዞ አውራ ጎዳና የሚመታ ሰው ጂቲ ፕላሷን ቢገዛ አይከስርም፤ ሞተሯ ከዋጋዋ በላይ ነው። ሁልጊዜ ሁለት ሆኖ ተራራ ለሚወጣ ግን ያማሃው ይሻላል። የሱዙኪን ሞተር ከአይኤምዩና ከኤሌክትሮኒክ ሾክ አብዞርበር ጋር የሚፈልግ በ2024 የመጣችውን ጂኤስኤክስ-ኤስ1000ጂኤክስ ማየት ይችላል፤ መነሻዋ ግን በዚያ ዓመት 18,499 ዶላር ነበርና የዋጋው ክርክር ሌላ ይሆናል።

ፊርማ ከመደረጉ በፊት ሻጩ ማጓጓዣ፣ መገጣጠሚያ፣ ግብርና ሰሌዳ የተጨመረበትን የመጨረሻ ዋጋ በወረቀት ይስጥ፤ በመለያው ላይ ያለው ቁጥር እነዚህን አይጨምርም። የቆየ ሞዴል መጋዘን ውስጥ ካለው በዚያ ላይ መደራደር ይቻላል። ነገር ግን የጎማዎቹን የምርት ሳምንትና ዓመት የሚያሳየውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ማንበብ፣ ባትሪው ተሞልቶ እንደነበር መጠየቅና የሻንጣዎቹ ቁልፍ ከማስነሻው ጋር አንድ መሆኑን እዚያው ከፍቶ ዘግቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።