የመላጫ ሳሙናና ክሬም፦ ርካሹ ከውዱ ያንሳል?

የመላጫ ክሬም ልትገዙ መደርደሪያ ፊት ስትቆሙ ዋጋው ግራ ያጋባል። አንዱ 2 ወይም 3 ዶላር ነው። አጠገቡ ያለው 18 ወይም 20 ዶላር። ሁለቱም አረፋ ያወጣሉ። ሁለቱም ጺም ያለሰልሳሉ። ታዲያ ያ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ?

ሐሳቤን ቀድሜ ልናገር። አረፋውንና የምላጩን መንሸራተት ካያችሁ፣ ጥሩ የሚባለው ርካሽ ሳሙና ከውዱ አያንስም። የምትጨምሩት ገንዘብ በአብዛኛው የሚሄደው ለመዓዛ፣ ለማሸጊያና ለስም ነው። ጥቂቱ ደግሞ ከተላጫችሁ በኋላ ቆዳ ላይ ለሚቀረው ልስላሴ። በእውነት ወደኋላ የሚቀረው በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው ፎም ነው። እሱም ቢሆን ሲሰላ ርካሽ አይደለም።

መለያውን ገልብጣችሁ አንብቡ

ሁለት ክሬም እንውሰድ። አንዱ እንደ ጥርስ ሳሙና ከቱቦ የሚጨመቀው ፓልሞሊቭ ነው። በብዙ የአውሮፓ ሱፐርማርኬቶች ከርካሾቹ ተርታ ይገኛል። ሌላው የለንደኑ ቴይለር ኦፍ ኦልድ ቦንድ ስትሪት ነው። ከ1854 ጀምሮ ያለ ቤት ነው፤ ክሬሙን በ150 ግራም ክብ ዕቃ ይሸጣል። ዋጋው የፓልሞሊቭን ብዙ እጥፍ ነው።

አሁን የሁለቱን የጀርባ ጽሑፍ ጎን ለጎን አድርጉት። ሁለቱም ላይ ከላይ የተጻፈው ውሃና ስቴሪክ አሲድ ነው። ከዚያ ከኮኮናት የሚገኝ የቅባት አሲድ፣ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ግሊሰሪን ይከተላል። መለያ ላይ ደግሞ ቅድሚያ የሚጻፈው በብዛት የገባው ነው። ስለዚህ የክሬሙ ዋና አካል በሁለቱም ያው ነው ማለት ይቻላል። የሚለያዩት ወደ መጨረሻው አካባቢ፣ ሽቶው ጋ ስትደርሱ ነው።

እያንዳንዱ የራሱ ሥራ አለው። ስቴሪክ አሲድ አረፋውን ወፍራምና የማይጠፋ ያደርገዋል። የኮኮናቱ ቶሎ አረፋ እንዲያወጣ ይረዳል። ፖታሲየም ሳሙናውን ለስላሳና በቶሎ የሚሟሟ ያደርገዋል። ግሊሰሪን ውሃ ይይዛል፣ አረፋው ፊት ላይ እንዳይደርቅ። እነዚህ ጥሬ ዕቃዎች ውድ አይደሉም። ማንኛውም ደህና ፋብሪካ ያገኛቸዋል።

ብዙ ሰው በገላ ሳሙና ስለሚላጭ ይህንንም ልበል። የገላ ሳሙና የሚሠራው በአብዛኛው በሶዲየም ነው፤ ድርቅ የሚለውም ለዚህ ነው። አረፋው ስስ ነው፣ ፊታችሁን ጨርሳችሁ ሳትላጩ ይጠፋል። የተሠራው ቅባትና ቆሻሻ አጥቦ ለመሄድ ስለሆነ ቆዳውንም ያደርቃል። ከገላ ሳሙና ወደ በጣም ርካሹ የመላጫ ሳሙና መሸጋገር፣ ከርካሹ ወደ ውዱ ከመሸጋገር የበለጠ ለውጥ ያመጣል። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ እዚህ ላይ አውሉት።

አርኮ፦ የርካሾቹ አለቃ

በርካሾቹ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳው ስም አርኮ ነው። የቱርክ ዕቃ ነው። የሚሠራው በ1927 የተመሠረተው ኤቭያፕ የሚባል ኩባንያ ነው። እንደ ትልቅ የከንፈር ቅባት በወረቀት የተጠቀለለ 75 ግራም ዱላ ሳሙና ነው። በክሬም መልክም ይሸጣል፤ እኔ የምመክረው ግን ዱላውን ነው።

አጠቃቀሙን በደንብ እንየው፤ ብዙ ሰው አርኮን የሚተወው እዚህ ላይ ስለሚሳሳት ነው። ፊታችሁን በሞቀ ውሃ አርጥቡ። ውሃው ጺሙ ውስጥ እስኪገባ 2 ወይም 3 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ዱላውን በጺሙ አበቃቀል ተቃራኒ ቀጥታ ፊት ላይ እሹት። ነጭ ስስ ሽፋን ይቀራል። አሁን እርጥብ የመላጫ ብሩሽ አምጡና ክብ እየሠራችሁ ምቱት። መጀመሪያ የሚወጣው አረፋ ትላልቅ ዓይን ያለውና ደረቅ ነው። እዚህ ላይ አታቁሙ። የብሩሹን ጫፍ ብቻ ውሃ አስነክታችሁ ቀጥሉ። እንደገና አስነኩ፣ ቀጥሉ። ዓይኖቹ ይጠፉና አረፋው እንደ እርጎ ይሆናል፤ መብራት ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። በሁለት ጣት መሀል አሹት። ሳይያያዝ ከተንሸራተተ ደርሷል። ከተጣበቀ ገና ውሃ ይፈልጋል።

እዚህ ደረጃ የደረሰ የአርኮ አረፋና የ20 ዶላር ክሬም አረፋ ምላጭ ስር ልዩነታቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይህን የምለው አጋንኜ አይደለም።

ችግሩ ጠረኑ ነው። ሎሚ ሎሚ የሚል፣ ኃይለኛ፣ የጽዳት ሳሙና የሚመስል ሽታ አለው። የሚወደው ይወደዋል፤ የማይወደው ክፍሉ ውስጥ ሊያቆየው አይፈልግም። መጠቅለያውን ገልጣችሁ ጥቂት ቀን አየር ላይ ብትተዉት ይቀንሳል።

ሌላው አንዳንዱን ገዢ የሚመለከት ነገር፣ አርኮ ውስጥ ሞራ ሊኖር መቻሉ ነው። መለያው ላይ «ታሎዌት» የሚል ቃል ካያችሁ ትርጉሙ ያው ሞራ ነው። ሞራ ለመላጫ ሳሙና እጅግ ጥሩ ነው፤ አረፋውን ያወፍራል፣ ቆዳ ላይም ደስ ይላል። በእምነት ምክንያት ወይም በምርጫ የእንስሳ ነገር የማትነኩ ከሆነ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ቃል ፈልጉ። ከአትክልት ዘይት ብቻ የተሠሩ ብዙ አማራጮች አሉ፤ ከታች የማነሳው ፕሮራሶ አንዱ ነው።

መሀል ላይ ያለው ፕሮራሶ

አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ለአብዛኛው ሰው የምመርጠው ይህን ነው። ፕሮራሶ የጣሊያን ነው። በ1908 ፍሎረንስ ውስጥ ሥራ የጀመረው የማርቴሊ ቤተሰብ ያወጣው ስም ነው፤ የጣሊያን ጸጉር አስተካካዮች ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ቱቦው 150 ሚሊ ሊትር ነው፣ ዋጋው 10 ዶላር አካባቢ። ከሱቅ ሱቅ ይለያያል።

አረንጓዴው ባሕር ዛፍና ሜንቶል አለበት። የባሕር ዛፍ ሽታ ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም፤ ጉንፋን ሲይዘው ቅጠሉን አፍልቶ ያልታጠነ ጥቂት ነው። ሜንቶሉ ፊትን ያቀዘቅዛል። በሙቀት አገር፣ በተለይ ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ለምትኖሩ፣ ይሄ ትልቅ ደስታ ነው። ቆዳው ቶሎ የሚቆጣ ሰው ግን ነጩን ይውሰድ፤ አረንጓዴ ሻይና አጃ ያለበት፣ ለስስ ቆዳ የተዘጋጀ ነው። ቀዩ የሰንደል እንጨት መዓዛ አለው።

ፕሮራሶን ከአርኮ የሚያስበልጠው ይቅር ባይነቱ ነው። ውሃ ቢበዛበትም ቢያንስበትም ደህና አረፋ ይሰጣል። ብሩሽ ባይኖራችሁ በእጃችሁም ይሠራል። ዱላ ሳሙና ያለ ብሩሽ ይህን አያደርግም። ስለዚህ ብሩሽ መግዛት የማትፈልጉ ከሆነ ምርጫችሁ ከቱቦ ክሬም ይጀምራል።

ውዱ ምን ይጨምራል?

መዓዛ። ይህን አቅልዬ አላየውም። የቴይለርን የሰንደል እንጨት ክሬም ክዳኑን ስትከፍቱት ልዩነቱን አፍንጫ ወዲያው ያውቀዋል። ጠዋት በዚያ መዓዛ መጀመር ለሚወድ ሰው ገንዘቡ አልባከነም። ከዚያ በላይ ያሉት፣ ለምሳሌ የፈረንሳዩ ማርቲን ደ ካንድር ዓይነት ሳሙናዎች፣ ከተላጩ በኋላ ፊትን የማያደርቁ በመሆናቸው ይወደሳሉ። ቆዳው የሚደርቅ ሰው ልዩነቱን ሊያየው ይችላል። ሌላው ግን በርካሹ ተላጭቶ ጥቂት ቅባት ቢቀባ እዚያው ይደርሳል።

ውዱ ሊጎዳ የሚችልበትም አለ። ሽቶ ሲበዛ የሚቆጣ ቆዳ ይበዛል። ፊታችሁ በቀላሉ የሚቀላ ወይም የሚያሳክክ ከሆነ፣ በዋጋ ከፍ ባላችሁ ቁጥር ችግሩ ሊብስ ይችላል። ሽቶ የሌለበት ወይም ለስስ ቆዳ የተባለ ርካሽ ክሬም ይሻላችኋል።

አንድ ብልሃት ልጠቁማችሁ። የሚላኑ ቼላ የአልሞንድ መዓዛ ያለው፣ ለስላሳና በጣም ጥሩ ሳሙና ነው። በትንሽ ዕቃ ሲሸጥ መካከለኛ ዋጋ አለው። ለጸጉር ቤቶች የሚሸጠው ግን 1 ኪሎ ጡብ ነው። በግራም ሲሰላ ዋጋው በጣም ይወርዳል። ሦስት አራት ሆናችሁ ብትካፈሉት የውድ ሳሙና ጥራት በርካሽ ዋጋ ታገኛላችሁ።

በአንድ መላጨት ስንት ይወጣል?

ስሌቱን እኔ በግምት ልሥራው፤ እናንተ በአካባቢያችሁ ዋጋ ቀይሩት። በብሩሽ ስትላጩ የሚሄደው ሳሙና 1 ግራም ቢሆን ነው። 75 ግራም አርኮ በ3 ዶላር ከገዛችሁ 75 ጊዜ ያገለግላል፤ በአንድ ጊዜ 4 ሳንቲም። የቴይለር ክሬም ትንሽ ይበዛል፣ 1 ግራም ተኩል እንበል። 150 ግራሙ በ18 ዶላር 100 ጊዜ ያስኬዳል፤ 18 ሳንቲም። በሳምንት 3 ጊዜ ለሚላጭ ሰው የዓመቱ ልዩነት 22 ዶላር አካባቢ ነው። ውዱን ለሚወድ ሰው ይህ የሚያስፈራ ገንዘብ አይደለም። ለሌላው ግን 22 ዶላር 22 ዶላር ነው።

ፎሙስ? 200 ሚሊ ሊትር በ3 ዶላር ቢገዛ፣ በአንድ ጊዜ እጅ ሞልታችሁ 5 ግራም ብታወጡ፣ 40 ጊዜ ነው። ከ7 ሳንቲም በላይ። የአርኮን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ብዙው ጋዝና አየር ስለሆነ አረፋው ከላይ ያበጠ፣ ውስጡ ደረቅ ነው፤ ጺሙን እንደ እርጥብ የብሩሽ አረፋ አያርሰውም። ጥቅሙ ፍጥነት ብቻ ነው። ለሚቸኩል ሰው እሱም ቁም ነገር ነው።

የምትኖሩበት ከተማ ውሃ

ይህን ብዙ ሻጭ አይነግራችሁም። አንድ ሳሙና በአንዱ ከተማ ተወድሶ በሌላው የሚወቀሰው በውሃው ነው። ውሃ ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዚየም ሲበዛ ከሳሙናው ጋር ተያይዞ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፤ አረፋው ይቀንሳል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚቀር ከሆነ ውሃችሁ እንዲህ ነው። የድሬዳዋ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ለንደንም ያው ነው። ዋሽንግተን መሀል ላይ ነች።

እንዲህ ባለ ውሃ ዋጋ አያድናችሁም። ለምሳሌ የእንግሊዙ ሚቸልስ ዉል ፋት ሞራና የበግ ሱፍ ቅባት ያለበት የተከበረ ሳሙና ነው፤ ግን በእንዲህ ዓይነት ውሃ አረፋ በማስቸገር ይታወቃል። ርካሹ የቱቦ ክሬም በተመሳሳይ ውሃ ሳያስቸግር ይሠራል። ዝቃጭ ከበዛባችሁ ሳሙና ከመቀየራችሁ በፊት ካልሲየምና ማግኒዚየም ያልበዛበት የታሸገ ውሃ አንድ ብርጭቆ አሙቃችሁ ሞክሩ። አረፋው ከተሻሻለ ጥፋቱ የሳሙናው አይደለም።

ጺሙ ለሚጠቀለል ሰው

ከተላጩ በኋላ አንገት ላይ የሚወጣው ሽፍታና እብጠት ብዙዎቻችንን ያስቸግራል። የሚጠቀለል ጺም በጣም ከስር ሲቆረጥ ጫፉ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ ቆዳውም ይቆጣል። ይህን የሚያድን ሳሙና የለም፣ 3 ዶላርም ይሁን 60። ማሸጊያው ላይ እንዲያ ተብሎ ቢጻፍም አትመኑ። የሚረዳው አላላጭ ነው፦ በአበቃቀሉ አቅጣጫ መላጨት፣ ቆዳን አለመወጠር፣ ምላጩን አለመጫን፣ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ አለመመለስ። ባለ 5 ምላጩ መላጫ ጺሙን ከቆዳ በታች ስለሚቆርጠው ያብስበታል። ባለ አንድ ምላጩ ይሻላል። እብጠቱ ከጸናባችሁ በቶንዶዝ በጥቂቱ አስተርፎ ማሳጠር ከሁሉም ይበልጣል። መግል ከያዘ ደግሞ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ስለዚህ ብሩሽ ላላችሁ ወይም ልትገዙ ላሰባችሁ፣ ጠረኑን ከቻላችሁት አርኮን ውሰዱ። ብሩሽ ለማትፈልጉ ፓልሞሊቭ ወይም ፕሮራሶ። ቆዳችሁ ለሚቆጣ የፕሮራሶ ነጩ። ለአባት ወይም ለታላቅ ወንድም ስጦታ ከሆነ ቴይለርን ግዙ፤ ስጦታ ላይ መዓዛውና ዕቃው ዋጋ አላቸው። ርካሹን መርጣችሁ በተረፈው ገንዘብ ሰው ሠራሽ ጸጉር ያለው ብሩሽና ጥሩ ምላጭ ግዙ። ሰው ሠራሹ ብሩሽ መዘፍዘፍ አይፈልግም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ዋጋውም ደህና ነው። ምላጩን ደግሞ መጎተት እንደጀመረ ቀይሩት።