ቡድናችንን አበጥራ ለገመገመችልን የቪዲዮ ተንታኝ ምስጋናና ጥቆማ

እዚህ አሜሪካ በኮሌጅ የሴቶች እግር ኳስ የምንሠራ ረዳት አሠልጣኞች ነን። ቡድናችንን ከውድድሩ በፊት ለገመገመችልን እህታችን ምስጋናችን ከልብ ነው። ታዳጊ ሴቶችን ለምታሠለጥኑ ወገኖችም እንጠቁማታለን።

ብዙ ገምጋሚ ካለፈው ዓመት ውጤትና ከግብ አግቢዎች ስም ይነሳል። እሷ የተነሳችው ከቅያሪ ሕጉ ነው፤ ትክክልም ነበረች። በኤንሲኤኤ፣ ማለትም በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ሕግ፣ የቅያሪ ብዛት አይገደብም። ነገር ግን በመጀመሪያው አጋማሽ የወጣች ልጅ አጋማሹ ሳያልቅ አትመለስም፤ በሁለተኛው ደግሞ መመለስ የምትችለው አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ 11 ጎበዝ ተሰላፊ ይዞ መኩራራት ዋጋ የለውም። ጨዋታውን በየ15 ደቂቃው ከፋፍላ፣ እያንዳንዷ ልጅ ሜዳ ላይ ስትኖርና ስትወጣ ያደረግነውንና የተደረገብንን የግብ ሙከራ ቆጠረች። ሁለቱ የመሀል አማካዮች አንድ ላይ ሲቀየሩ ሁለተኛ ኳስ፣ ማለትም ከፍልሚያ ተፈናጥሮ የወጣውን፣ የሚያነሳ ይጠፋል፤ ተከላካዮቹ ይፈሩና ወደ ግባቸው ይሸሻሉ፤ መሀሉ ባዶ ይሆናል። መፍትሔዋ ቀላል ነው፦ አንዷን ቀይሩ፣ ሌላዋን ቢያንስ 5 ደቂቃ አቆዩ። የመስመር አጥቂዎችን ግን በአንድ ጊዜ ብትቀይሩ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ትኩስ እግር ጫናውን ይጨምራል።

ቁጥር አያታልላትም። ፍጹም ቅጣት ምትን ከሌላው ሙከራ ለይታ ትይዛለች፤ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ የሚገባ ምት ደካማ አጥቂን ጎበዝ ያስመስላልና። 3 ለ 0 የሚመራ ቡድን የተደረገበትን ሙከራም እኩል ለእኩል ሳለ ከተደረገበት ጋር አትደምርም።

ቀረጻ ላይ ድርድር የለም። ካሜራው በመሀል ሜዳው መስመር ትይዩ፣ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ከመጨረሻዋ ተከላካይ እስከ ፊተኛዋ አጥቂ በአንዴ መታየት አለባቸው። ወላጅ ከሜዳው ጠርዝ በስልክ የሚቀርጸው ኳሷን ብቻ ይከተላል። በተከላካዮች መካከል ያለው ርቀት ስለማይታይ ለገባው ግብ ሁሉ ተወቃሿ በረኛዋ ትሆናለች።

21 የኤንሲኤኤ ዋንጫ ያነሳው የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ቡድን የቀድሞ አሠልጣኝ አንሰን ዶራንስ የልምምዱን ፉክክር ሁሉ እያስመዘገበ ደረጃውን ይለጥፍ ነበር። እህታችን የአንድ ለአንድ ፍልሚያውንም ሩጫውንም ትመዘግባለች፤ ውጤቱን ግን ለየልጇ ለብቻዋ ትሰጣለች። እኛም የምንመርጠው ይህንን ነው፤ 18 ዓመት የሞላት አዲስ ገቢ ስሟን ከግርጌ ስታይ የምትበረታው ሁልጊዜ አይደለም።

በውድድር ወቅት የሚፈቀደው የልምምድ ጊዜ በሳምንት 20 ሰዓት ነው፤ የቪዲዮ ስብሰባም ከዚያው ይቆጠራል። ብዙ ጊዜ ሐሙስና እሑድ ስለሚጫወቱ ዓርብ የሚሰበሰቡት ልጆች እግራቸው ዝሏል። ስለዚህ ስብሰባዋ ከ15 ደቂቃ አያልፍም፤ የምታሳየውም ከ10 የማይበልጥ ቁራጭ ነው። ጽሑፍ ሪፖርቷ ግን በሠንጠረዥ የታጨቀ ነው፤ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ከመጀመሪያው ጠይቋት።

በነሐሴ ጨዋታ ስለሚጀመር ቀደም ብላችሁ አናግሯት፤ አድራሻዋን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንልካለን። ስትሄዱ ከአቻ ቡድን ጋር የተደረጉ ሦስት ጨዋታዎችን ያዙ፦ ያሸነፋችሁትን፣ የተሸነፋችሁትንና አቻ የወጣችሁትን። ሙሉ 90 ደቂቃው ይሁን፤ የማልያ ቁጥር ዝርዝርም አያይዙ። የተቆራረጠ ቪዲዮ አትቀበልም።