ተጫዋች ወይስ ገዢ? አዲስ ጌም ከመግዛት በፊት የትኛውን ቁጥር ማመን ይሻላል

አዲስ ጌም በወጣ ቁጥር ጓደኞቼ የሚልኩልኝ መልእክት አንድ ዓይነት ነው። አሳታሚው በማኅበራዊ ሚዲያ የለጠፈውን፣ በትልልቅ ፊደላት «በሦስት ቀን ይህን ያህል ሚሊዮን» የሚል ምስል ይልኩልኝና «እንግዛው ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ ለረጅም ዓመታት 60 ዶላር የነበረው የትልልቅ ጌሞች መደበኛ ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ወደ 70 ዶላር ተሻግሯል፣ በ2025 ደግሞ ኒንቴንዶ ለ«ማሪዮ ካርት ወርልድ» 80 ዶላር ጠይቋል። መልሴን ከወዲሁ ላስቀምጠው፦ አሳታሚው ራሱ መርጦ ከሚያሳውቀው ከማንኛውም ቁጥር ይልቅ፣ ጌሙ ከወጣ ሦስትና አራት ሳምንት በኋላ ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌሞች የኢንተርኔት ሱቅ ላይ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እየተጫወተው እንደሆነ ከቅርብ ጊዜ የገዢዎች ግምገማ ጋር አጣምሮ ማየት ይሻላል።

በመጀመሪያ ብዙ ሰው የሚያምታታቸውን ሁለቱን ቁጥሮች እንለይ። «የተሸጠ ቅጂ» ማለት አንድ ሰው ለዚያ ጌም ገንዘብ ከፍሏል ማለት ነው። «ተጫዋች» ግን ጌሙን አንድ ጊዜ የከፈተ ሰው ሁሉ ነው፤ ወርሃዊ የአባልነት ክፍያ ስለሚከፍል ጌሙን ያለ ተጨማሪ ወጪ ያገኘ፣ ለአሥር ደቂቃ ሞክሮት የዘጋ፣ ወይም በቤተሰቡ አካውንት የገባ ሰው ሁሉ እዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ልዩነቱን በግልጽ ያሳየው «ፓልወርልድ» ነው። ጌሙ በጃንዋሪ 2024 ወጥቶ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው 19 ሚሊዮን ተጫዋቾች እንዳሉት ሲነገር፣ ሠሪው ፖኬትፔር ቁጥሩን ከፍሎ አቅርቦታል፦ 12 ሚሊዮኑ በስቲም የተሸጡ ቅጂዎች፣ 7 ሚሊዮኑ ደግሞ ጌሙ በጌም ፓስ (በወርሃዊ ክፍያ ብዙ ጌሞችን በሚያስጫውተው የማይክሮሶፍት አገልግሎት) ይገኝበት በነበረው በኤክስቦክስ ያሉ ተጫዋቾች ናቸው። ሁሉም አሳታሚ እንዲህ ቢያደርግ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር። «ስታርፊልድ» በሴፕቴምበር 2023 ሲወጣ ግን የተነገረው በቀናት ውስጥ 6 ሚሊዮን ተጫዋቾች መድረሱ ነው፤ ጌሙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጌም ፓስ ስለነበረ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ 70 ዶላር እንደከፈለ ከመግለጫው ማወቅ አይቻልም። ዩቢሶፍትም በማርች 2025 ስለ «አሳሲንስ ክሪድ ሻዶውስ» ያሳወቀው 1፣ ቀጥሎ 2፣ ከዚያም 3 ሚሊዮን ተጫዋቾችን እንጂ የተሸጡ ቅጂዎችን አልነበረም።

እዚህ ላይ አሳታሚዎቹ ዋሽተዋል እያልኩ አይደለም። አባላቱ በሚከፍሉት ወርሃዊ ገንዘብ ለሚተዳደር አገልግሎት፣ ስንት ሰው ጌሙን እንደከፈተ ማወቅ ትክክለኛ የሥራ መለኪያ ነው። ለገዢው ግን አንድ ሰው በነፃ ያህል ያገኘውን ነገር መክፈቱ፣ ያ ነገር 70 ዶላር እንደሚያወጣ ማስረጃ አይሆንም። አሳታሚ አንዱን መለኪያ ትቶ ሌላ ሲይዝም ልብ ማለት ይገባል፤ አክቲቪዥን ብሊዛርድ በወርሃዊ ክፍያ የሚጫወቱት የ«ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ደንበኞች ቁጥር ከዓመታት በፊት ከነበረበት 12 ሚሊዮን ወደ 5.5 ሚሊዮን ዝቅ ብሎ ሳለ፣ በ2015 መጨረሻ ላይ ይህን ቁጥር ከእንግዲህ እንደማያወጣ አስታውቋል።

«የተላከ» እና «የተሸጠ» የሚባሉትም አንድ አይደሉም። የ«ጂቲኤ» አሳታሚ ቴክ ቱ ስለ ጌሞቹ ሽያጭ ሲናገር ብዙውን ጊዜ ለሱቆች የቀረበውን መጠን ይቆጥራል፤ የኒንቴንዶ ሪፖርትም ተመሳሳይ አካሄድ አለው። ዛሬ አብዛኛው ጌም ከኢንተርኔት ስለሚወርድ ልዩነቱ እንደ ድሮው ሰፊ አይደለም፤ ድሮ ግን ኩባንያ የሚያናጋ ነበር። በ1982 አታሪ «ኢ.ቲ.» የተባለውን ጌም በሚሊዮኖች አሳትሞ ለሱቆች ቢልክም አብዛኛው ሳይሸጥ ቀርቷል፤ ከቅጂዎቹ የተወሰኑት በኒው ሜክሲኮ፣ አላሞጎርዶ በሚገኝ የቆሻሻ መጣያ ተቀብረው በ2014 በቁፋሮ ወጥተዋል።

በገንዘብ የሚሰላ ስኬት ደግሞ የሚጠቅመው ለባለአክሲዮን ነው። «ጂቲኤ 5» በ2013 በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት 800 ሚሊዮን ዶላር፣ በሦስት ቀን 1 ቢሊዮን ዶላር ማስገባቱ ታላቅ ዜና ነበር፤ ነገር ግን የገንዘብ ደረጃ ሰንጠረዥ ሁልጊዜ ውዱን ጌም ወደ ላይ ይገፋል። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 100 ሺህ ሰው የገዛው ባለ 70 ዶላር ጌም 7 ሚሊዮን ዶላር ያስገባል፤ ባለ 40 ዶላሩ ጌም ያንኑ ገንዘብ ለማስገባት 175 ሺህ ገዢ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በአሜሪካ ሰርካና የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት እንደሚያወጣው ባለ በዶላር የተደረደረ ዝርዝር ላይ እኩል የቆሙ ሁለት ጌሞች እኩል ተወደዋል ማለት አይደለም።

ቅድመ ግዢንና የተቺዎችን ነጥብ አንድ ላይ የማየው ሁለቱም ጌሙ በሰው እጅ ሳይገባ የሚሰጡ ፍርዶች በመሆናቸው ነው፤ ለዚህ ከ«ሳይበርፐንክ 2077» የተሻለ ማስረጃ የለም። ጌሙ በዲሴምበር 2020 ሲወጣ ከ8 ሚሊዮን በላይ ቅድመ ግዢ እንደነበረው ሠሪው ሲዲ ፕሮጀክት አስታውቋል። ተቺዎች ከመውጫው ቀን በፊት የተሰጣቸው የኮምፒውተሩ ቅጂ ብቻ ስለነበረ የሰጡት ከፍተኛ ነጥብ ስለ ኮንሶሎቹ (እንደ ፕሌይስቴሽን ስላሉት የጌም መሣሪያዎች) ቅጂ ምንም አይናገርም ነበር። በፕሌይስቴሽን 4 እና በኤክስቦክስ ዋን የገዙት ሰዎች ያገኙት የሚቆራረጥና በየሰዓቱ የሚዘጋ ጌም ነበር። ኩባንያው ተመላሾች ተቀንሰው እንኳ 13 ሚሊዮን ቅጂ መሸጡን ባሳወቀባቸው ቀናት፣ ሶኒ ጌሙን ከዲጂታል ሱቁ አውጥቶ ለገዢዎች ገንዘባቸውን እየመለሰ ነበር፤ ወደ ሱቁ የተመለሰው በጁን 2021 ነው። ሽያጩም እውነት ነበር፣ ብልሽቱም እውነት ነበር፤ የሽያጩ ቁጥር ስለ ብልሽቱ የሚናገረው ነገር ግን አልነበረም። ጥገናው በየጊዜው በሚወጡ ማሻሻያዎች ቀጥሎ፣ በፌብሩዋሪ 2022 የወጣው 1.5 እና በሴፕቴምበር 2023 የወጣው 2.0 ጌሙን ቃል ወደተገባው ደረጃ አደረሱት። ሁለት ዓመት የታገሠ ሰው የተሻለውን ጌም በቅናሽ ወቅት በግማሽ ዋጋ አግኝቷል፤ ቀድሞ የከፈለው ግን ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ጥገናውን ጠብቋል። ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ጌሙን ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ሰዎች ሁልጊዜ ከሁሉ የከፋውን ቅጂ በከፍተኛው ዋጋ የሚገዙ ይሆናሉና።

የተቺዎችን ነጥብ ሰብስቦ አማካኙን የሚያወጣው የሜታክሪቲክ ድረ ገጽ ነጥብ ለአሳታሚው ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ፣ በ2010 የወጣውን «ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ» ማስታወስ ይበቃል፤ ከሠሪው ከኦብሲዲያን ስቱዲዮ በይፋ እንደተነገረው አሳታሚው ለስቱዲዮው የሚሰጠው ጉርሻ 85 ነጥብ ይጠይቅ ነበር፣ ጌሙ ያገኘው 84 ነው።

አሁን ወደምመርጠው ቁጥር ልምጣ። በስቲም ላይ በአንድ ጊዜ የሚጫወቱ ሰዎች ቁጥር የሚታተመው በመድረኩ ባለቤት በቫልቭ እንጂ በጌሙ አሳታሚ አይደለም፤ ስቲምዲቢ የተባለው ድረ ገጽም ታሪኩን ይመዘግበዋል። አሳታሚው የሚያምረውን ቀን መርጦ ሊያሳይ፣ የማያምረውንም ሊደብቅ አይችልም። በኦገስት 2024 በ40 ዶላር የወጣው የሶኒ «ኮንኮርድ» በስቲም ከፍተኛው ቁጥሩ 697 ብቻ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ብቻ ቆይቶ ተዘግቶ ለገዢዎች ገንዘባቸው ተመልሷል። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ከዚያው አሳታሚ በዚያው ዋጋ የወጣው «ሄልዳይቨርስ 2» ግን ከ450 ሺህ በላይ ደርሷል። እንደዚህ በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር ለሚጫወቱት ጌም የሰው ብዛት የጌሙ እስትንፋስ ነው፤ ሰው ሲጠፋ ተጋጣሚ ለማግኘት መጠበቅ ይመጣል፣ ከዚያም የሰርቨሮቹ መዘጋት ይከተላል።

ብቻውን በሚጫወቱት፣ ታሪክ ባለው ጌም ላይ ግን ይህን ቁጥር በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ሰዎች ጌሙን ጨርሰው ስለሚሄዱ ቁጥሩ በወር ውስጥ መውረዱ የጤና ነው። እዚያ ላይ የሚረዳው የቅርብ ጊዜ ግምገማ ነው፤ ስቲም ከ2016 ጀምሮ ይህን ከአጠቃላዩ ለይቶ ያሳያል፣ ገምጋሚው ስንት ሰዓት እንደተጫወተም ይጽፋል። «ሄልዳይቨርስ 2» በሜይ 2024 የኮምፒውተር ተጫዋቾች የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲያገናኙ እንደሚገደዱ ሲነገር ግምገማዎቹ በአንድ ጀምበር ወደ አሉታዊ ተገለበጡ፤ ሶኒም በቀናት ውስጥ ውሳኔውን ሻረ። ይህን የመሰለ ነገር በሽያጭ መግለጫ ላይ አይታይም።

አሳታሚዎች ከመጠበቅ የሚያስወጡን በ«ቅድሚያ መግቢያ» ነው። «ስታርፊልድ» በመደበኛ ዋጋው 70፣ እስከ አምስት ቀን ቀድሞ በሚያስገባው ቅጂ 100 ዶላር ነበር፤ በዚህ ቅጂ ውስጥ በኋላ የሚወጣ ተጨማሪ ክፍልም ተካቷል፣ ነገር ግን ገዢው በዚያን ቀን ምንነቱን ሳያውቅ ነው የከፈለበት። ከዚህ የባሰው በፌብሩዋሪ 2024 የወጣው «ሱሳይድ ስኳድ፦ ኪል ዘ ጀስቲስ ሊግ» ነው። ለ72 ሰዓት ቅድሚያ 100 ዶላር የከፈሉት ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ሰርቨሮቹ በስህተት ምክንያት ለሰዓታት ተዘግተውባቸዋል። የአሳታሚው እናት ኩባንያ ዋርነር ብራዘርስ ዲስከቨሪ በጌሙ ምክንያት 200 ሚሊዮን ዶላር እንደ ኪሳራ መዘገበ፤ በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ጌሙ ለፕሌይስቴሽን ፕላስ አባላት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተሰጠ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ100 ዶላር ወደዚህ መውረዱን ሳስብ ለመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አዝናለሁ።

መጠበቅ ያልቻለ ሰው ቢያንስ በስቲም ይግዛ፤ በ14 ቀን ውስጥ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወተ ገንዘቡን መጠየቅ ይችላል። በፕሌይስቴሽን ሱቅ ግን ጌሙ እክል ከሌለበት በስተቀር ማውረድ ከተጀመረ በኋላ ገንዘብ ማስመለስ በደንቡ አይፈቀድም። ሦስተኛ ወገን ሻጮች በርካሽ የሚያቀርቡትን፣ ጌሙን በአካውንት ላይ የሚከፍተውን የማግበሪያ ኮድም አልመክርም። እንዲህ ካለ ሻጭ የገዛሁት ኮድ ከሳምንታት በኋላ ተሰርዞ ጌሙ ከአካውንቴ ጠፍቷል፤ ሻጩ ገንዘቤን አልመለሰም፣ የስቲም የተመላሽ ደንብም ከውጭ የተገዛ ኮድን አይሸፍንም።

የተነገረው ቁጥር «ተጫዋች» ከሆነና ጌሙ በጌም ፓስ ካለ፣ መንገዱ እዚያው ተጠቁሟል። ከጌም ፓስ ደረጃዎች አንዱ የሆነው የአልቲሜት ዋጋ በኦክቶበር 2025 ከ20 ወደ 30 ዶላር አድጎ ነበር፤ በዚያ ዋጋ እንኳ በአንድ ወር የሚያልቅ ጌም ለመጫወት 30 ዶላር ከ70 ይሻል ነበር፤ ሦስተኛው ወር ላይ ሲደርሱ ግን ድምሩ 90 ስለሚሆን ቅጂውን መግዛት ይቀል ነበር። ይህ ሁሉ የመጠበቅ ስሌት የማይሠራው የኒንቴንዶ የራሱ ጌሞች ላይ ነው፤ ዋጋቸው ለዓመታት እምብዛም ስለማይወርድ፣ እነርሱን የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ግምገማ አንብቦ ቢገዛ በዋጋ የሚቀርበት ነገር የለም።