ለቤት ኮምፒውተር የትኛው ኤስ ኤስ ዲ ይሻላል? ለባሕር ዳር ገዥዎች የቀረበ ንጽጽር

ሲከፈት ብዙ ደቂቃ የሚወስድ፣ አንድ የዎርድ ሰነድ ለማውጣት እንኳ የሚያስጠብቅ ኮምፒውተር ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ አርጅቷል ብሎ ሌላ ኮምፒውተር ለመግዛት ያስባል። ሆኖም በውስጡ ያለው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ከሆነ መዘግየቱ ባመዛኙ የሚመጣው ከፕሮሰሰሩ ሳይሆን ከዲስኩ ነው፤ ዲስኩን ብቻ በኤስ ኤስ ዲ፣ ማለትም መረጃን በሚሽከረከር ሳህን ፋንታ በቺፕ ላይ በሚያስቀምጥ ዲስክ፣ መተካትም አዲስ ኮምፒውተር ከሚጠይቀው ወጪ በጥቂቱ አብዛኛውን ለውጥ ያስገኛል። አቋሜን ከወዲሁ ልግለጽ፦ ትልቁ ለውጥ ያለው ከሃርድ ዲስክ ወደ ማንኛውም ደኅና ኤስ ኤስ ዲ በመሻገር ላይ ነው። በኤስ ኤስ ዲዎች መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት ለቤት ሥራ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያህል ስለማይታይ፣ ለእርሱ የሚከፈለው ትርፍ ገንዘብ ለመጠንና ለዋስትና ቢውል ይሻላል።

ሃርድ ዲስክና ኤስ ኤስ ዲ

በላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘው የተለመደ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። አንድ ፋይል ሲፈለግ የማንበቢያው ክንድ ወደ ቦታው መንቀሳቀስ፣ ከዚያም የተፈለገው ክፍል ዞሮ እስኪመጣ መጠበቅ አለበት፤ ለዙሩ ብቻ በአማካይ 5.6 ሚሊ ሰከንድ ስለሚያስፈልግ ዲስኩ በአንድ ሰከንድ ማስተናገድ የሚችለው የተበታተነ ጥያቄ ከመቶ ብዙም አይበልጥም። ዊንዶውስ ሲነሣ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ይጠራል። ኤስ ኤስ ዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ያንኑ ጥያቄ በ0.1 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይመልሳል። ተጠቃሚው የሚያየው ለውጥ በዋናነት ከዚህ የሚመነጭ ነው፤ አንድ ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ ያለው ልዩነት፣ ማለትም በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ከነበረው ወደ 550 ሜጋባይት መድረሱ፣ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው።

ስለ ጉዳት ካነሣን፣ ላፕቶፑን ሳያጠፋ ክዳኑን ብቻ ዘግቶ በባጃጅ ከፔዳ ወደ ፖሊ የሚመላለስ ተማሪ ሃርድ ዲስኩ እየዞረ ከሆነ ለንቅናቄ ያጋልጠዋል፤ ኤስ ኤስ ዲ ግን ይህን በቀላሉ ይቋቋማል። ሃርድ ዲስክን ከፍታም ይነካዋል። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ በቀጭን የአየር ንጣፍ ላይ የሚንሳፈፍ በመሆኑ አብዛኞቹ አምራቾች በሥራ ላይ የሚፈቅዱት ከፍታ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ጣና ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ እዚህ ችግር የለም፤ ለጥናት ወደ ጮቄ ወይም ወደ ጉና ተራራ ላፕቶፕ ይዞ የሚወጣ ሰው ግን ኤስ ኤስ ዲ ቢመርጥ ተገቢ ነው።

ሃርድ ዲስክ የሚበልጥባቸው ነገሮች የሉም ማለት አይደለም። በአንድ ጊጋባይት ሲሰላ ዋጋው ያነሰ ነው። ሲበላሽም ብዙ ጊዜ በድምፅ ወይም በመዘግየት አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ኤስ ኤስ ዲ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ በድንገት ሊጠፋ ይችላል፣ ከእርሱ የተሰረዘ ፋይልን መልሶ ማግኘትም እጅግ ይከብዳል። በመሆኑም የቤተሰብ ፎቶና ቪዲዮ ለዓመታት የሚቀመጥበት ሁለተኛ ቦታ ሆኖ ሃርድ ዲስክ ዛሬም ተመራጭ ነው።

ሳታ ወይስ ኤንቪኤምኢ

በሱቅ የሚቀርቡት ኤስ ኤስ ዲዎች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ቦታ በቀጥታ የሚገባው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ (ሃርድ ዲስኮችም የሚጠቀሙበት የቆየ የግንኙነት ዓይነት) ነው። ሁለተኛው በማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ቀጭን ኤም 2 ሲሆን፣ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ኤም 2 የቅርጹ ስም እንጂ የፍጥነቱ ስም አይደለም። ተመሳሳይ መልክ ያላቸው ሁለት ኤም 2 ዲስኮች አንዱ በሳታ፣ ሌላው በኤንቪኤምኢ (ከሳታ አዲስና ፈጣን በሆነው የግንኙነት ዓይነት) የሚሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ ላፕቶፑ የሚቀበለው ሳታውን ብቻ ከሆነ የተገዛው ኤንቪኤምኢ ቢገባም አይሠራም። ከ2014 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ደግሞ፣ መሰኪያ በአስማሚ ቢበጅላቸው እንኳ፣ ባዮሳቸው (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው መሠረታዊ ፕሮግራም) ከኤንቪኤምኢ ላይ ዊንዶውስን አያስነሣም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የላፕቶፑን ሙሉ ሞዴል ቁጥር ከጀርባው ላይ ጽፎ በአምራቹ መመሪያ ውስጥ ምን ዓይነት መሰኪያ እንዳለው ማረጋገጥ ግድ ነው።

ፍጥነታቸውን በቁጥር ብናወዳድር ሳታ በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ይቆማል፤ ሦስተኛው ትውልድ ኤንቪኤምኢ እስከ 3,500፣ አራተኛው ደግሞ እስከ 7,000 ሜጋባይት ይደርሳል። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ ይሁን እንጂ ኮምፒውተሩን ለማስነሣት፣ ብራውዘር ለመክፈት፣ ኤክሴል ለመሥራት በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት ቢበዛ ጥቂት ሰከንድ ነው። የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ባለሙያ እንኳ 50 ጊጋባይት ቀረጻ ከካሜራ ካርድ ሲያራግፍ ፍጥነቱን የሚወስነው ካርዱ ነው፤ የተለመደው ዩኤችኤስ 1 ካርድ በሰከንድ ከ104 ሜጋባይት ስለማያልፍ ማራገፉ በየትኛውም ኤስ ኤስ ዲ ቢያንስ 8 ደቂቃ ይፈጃል። ኤንቪኤምኢ ጥቅሙ ጎልቶ የሚወጣው ትልልቅ ፋይሎች ከአንድ ፈጣን ዲስክ ወደ ሌላ ፈጣን ዲስክ ሲገለበጡ ነው። ኮምፒውተሩ ኤንቪኤምኢ የሚቀበል ሆኖ ዋጋቸው ከተቀራረበ እርሱን መግዛት ጥሩ ነው፤ ዋጋው ከራቀ ወይም መሰኪያው ከሌለ ሳታ በመግዛት የሚቀር ነገር የለም።

በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡትና ጽናታቸው

ሁለት ሳታ ዲስኮች ከላይ ሲታዩ አንድ ቢመስሉም ውስጣቸው ይለያያል። በአንድ የማስቀመጫ ሕዋስ ሦስት ቢት የሚይዘው ቲኤልሲ አራት ቢት ከሚይዘው ኪውኤልሲ የበለጠ ጽናት አለው፤ ማለትም እስኪያረጅ ድረስ ብዙ መረጃ ሊጻፍበት ይችላል። ለምሳሌ ባለ 1 ቴራባይቱ ሳምሰንግ 870 ኢቮ 600 ቴራባይት ጽሑፍ እንዲችል ዋስትና ሲሰጠው፣ ተመሳሳይ መጠን ያለው 870 ኪውቪኦ የተሰጠው 360 ነው። ኪውቪኦው በተከታታይ 42 ጊጋባይት ያህል ከተጻፈበት በኋላ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 80 ሜጋባይት እንደሚወርድ አምራቹ ራሱ ገልጿል፤ ይህም ከብዙ ሃርድ ዲስኮች ያነሰ ነው። ቪዲዮ ለሚሠራ ሰው ኪውኤልሲ የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

በሌላ በኩል የጽናት ሥጋት ከሚገባው በላይ ገዥን ማስጨነቅ የለበትም። ባለ 240 ጊጋባይቱ ኪንግስተን ኤ400 የራሱ ዲራም (የዲስኩን ሥራ የሚያፋጥን ትንሽ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) የሌለውና ከዝቅተኛው እርከን የሚመደብ ሲሆን የተሰጠው ገደብ 80 ቴራባይት ነው፤ በየቀኑ 20 ጊጋባይት የሚጽፍ ቤተሰብ ይህን ለመጨረስ ወደ 11 ዓመት ይፈጅበታል። ለተማሪና ለቢሮ ሥራ እንዲህ ያለው ዲስክ ይበቃል። ዲራም ያለው ዲስክ ብልጫው ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲጫን ስለሚታይ፣ ለአቀናባሪና ለፕሮግራም ሠሪ ተጨማሪ ዋጋው ተገቢ ነው።

ምን ያህል መጠን?

ለማስታወሻ፣ ለትምህርትና ለኢንተርኔት 240 ወይም 256 ጊጋባይት ይሠራል፤ ነገር ግን አውቶካድና ማትላብ ለሚጭን የምህንድስና ተማሪ በፍጥነት ይጠብበታል። ኤስ ኤስ ዲ ሲሞላ ስለሚንቀራፈፍ ከመጠኑ 15 በመቶ ያህሉ ባዶ መተው አለበት። ለአብዛኛው ቤት ምርጫዬ 480 ወይም 512 ነው። በአንጻሩ በሰከንድ በ100 ሜጋቢት የተቀረጸ የአንድ ሰዓት 4ኬ ቪዲዮ 45 ጊጋባይት ይይዛል፤ በጥር የሰርግ ወቅት አምስት ሰዓት የሚቀርጽ ሰው ከአንድ ሰርግ ብቻ 225 ጊጋባይት ይዞ ስለሚመለስ ለእርሱ 1 ቴራባይት መነሻ ነው። ባለ 480ው ዲስክ በዊንዶውስ ላይ 447 ሆኖ ቢታይ ዊንዶውስ ጊጋባይትን ከአምራቾቹ በተለየ መንገድ ስለሚቆጥር እንጂ ዕቃው ሐሰተኛ ስለሆነ አይደለም።

መብራት፣ ዋስትናና ሐሰተኛ ዕቃ

ለቤት የሚሠሩ ኤስ ኤስ ዲዎች መብራት በድንገት ሲጠፋ የጀመሩትን ጽሑፍ ለመጨረስ የሚያስችል መጠባበቂያ ኃይል በአብዛኛው የላቸውም። ላፕቶፕ ባትሪው ይጠብቀዋል፤ ዴስክቶፕ ያለው ግን፣ በተለይ ነጎድጓድ በሚበዛበት በሐምሌና በነሐሴ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ መሣሪያ) ከሌለው ከውድ ዲስክ ይልቅ መካከለኛውን ገዝቶ በቀረው ገንዘብ ዩፒኤስ ቢጨምር ይሻለዋል። ኤስ ኤስ ዲን ነቅሎ ለዓመታት በመሳቢያ ማስቀመጥም ጥሩ አይደለም፤ የጄዴክ (የኤሌክትሮኒክስ ደረጃ አውጪ ድርጅት) መለኪያ የጽናት ገደቡን ለጨረሰ የቤት ዲስክ የሚጠይቀው በ30 ዲግሪ ሙቀት ያለ ኤሌክትሪክ ለአንድ ዓመት ጽሑፉን እንዲይዝ ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ በማስላክና ባሕር ዳር በመግዛት መካከል የዋጋ ልዩነት ካለ፣ ዕቃው ቢበላሽ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መልሶ መላክ እንደሚያስፈልግ አብሮ ይታሰብ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ዕቃው ቢበላሽ ራስዎ ሄደው የሚመልሱበትን የከተማዎን ሱቅ ይምረጡ፤ ደረሰኝና የዋስትና ጊዜውን በጽሑፍ ይቀበሉ። በማይታወቅ ስም 2 ቴራባይት ተብሎ እጅግ በርካሽ የሚቀርብ ዕቃ ብዙ ጊዜ ውስጡ ትንሽ መጠን ያለው ሆኖ ይገኛል። ከሱቁ ሳይወጡ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ፕሮግራም ዲስኩ የሠራበትን ሰዓትና የተጻፈበትን መጠን ማየት አዲስ የተባለው ዲስክ ያገለገለ መሆን አለመሆኑን ያሳያል፤ እቤት ሲደርሱ ደግሞ፣ ምንም ነገር ሳይጭኑበት፣ ኤች2 ቴስት ደብልዩ በተባለው ፕሮግራም ሙሉ መጠኑን መሞከር ይቻላል።

ኮምፒውተሩ ያለው ራም 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ኤስ ኤስ ዲው ለውጥ ቢያመጣም ብዙ ገጾች ሲከፈቱ መጨናነቁ ስለማይቀር፣ በጀቱ ከፈቀደ ወደ 8 ማሳደግ ቀጣዩ እርምጃ ይሁን። አሮጌው ሃርድ ዲስክም አይጣል፤ አዲሱ ዲስክ ያለ እንከን ጥቂት ሳምንታት እስኪሠራ ድረስ ፎርማት ሳይደረግ ይቆይ፣ ከዚያ በኋላ የዩኤስቢ 3.0 መያዣ ተገዝቶለት ለባክአፕ ያገልግል።