ኦዲዮግሪደር፦ ላፕቶፔን ያሳረፈልኝ ሶፍትዌር

ደሴ ላይ ትንሽ የቀረጻ ስቱዲዮ አለኝ። ላፕቶፔ አርጅቷል። ሦስት አራት ሪቨርብ (ድምፅን አዳራሽ ውስጥ እንዳለ የሚያስተጋባ ፕሮግራም) ከደረደርኩበት ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ድምፁም ይቆራረጣል።

ኦዲዮግሪደርን የሞከርኩት ለዚህ ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ሰርቨሩን (ሥራውን ተቀብሎ የሚሠራውን ክፍል) እና ፕለጊኖቹን (እንደ ሪቨርብ ያሉትን የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራሞች) ጓዳ ባለው ዴስክቶፕ ላይ ጫንኩ። ላፕቶፑ ድምፁን በኔትወርክ ይልካል፤ ዴስክቶፑ ስሌቱን ሠርቶ ይመልሳል። የፕለጊኑ መስኮት ግን እኔው ፊት ይከፈታል። በማውሴ እንደ ልቤ አስተካክለዋለሁ።

ባለፈው በአምባሰል ቅኝት የተቀረጸ አንድ ማሲንቆ ሚክስ አደረግሁ፤ ማለትም የተቀረጹትን ድምፆች አመጣጥኜ አዋሃድኩ። መጀመሪያ በዋይፋይ ነበር። ደጋኑ ረጅም ድምፅ ላይ ሲጎተት ጠቅ ጠቅ እያለ ይበጠስብኛል። አምባሰል ላይ ያቺ የምትንሸራተት ድምፅ ከተበጠሰች ምኑን ማሲንቆ ሆነ! የኔትወርክ ገመድ ስቤ ስሰካ ጥርት አለ። ላፕቶፑም ዝም አለ፤ እኔም በደንብ መስማት ጀመርኩ።

ለቀጥታ ቀረጻ ግን አልመክርም። ድምፁ ሄዶ እስኪመለስ ይዘገያል። ዘፋኝ የራሱን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ዘግይቶ ከሰማ ምቱን ይስታል። ለሚክስ ሲሆን መዘግየቱን የቀረጻ ፕሮግራሙ ራሱ ያካክሰዋል።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፣ ዴስክቶፑ ግን ወዲያው ይጠፋል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ግዙ። ራውተሩንም አብራችሁ ሰኩበት።