ለጋዝ ሲሊንደሮቻችን ማደሪያ ለሠሩልን ባለሙያ ምስጋና

ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ለገሐር በሚወርደው መንገድ አጠገብ የሚገኘውን የምግብ ቤታችንን የጋዝ መስመር ለዘረጉልን አባት ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ እፈልጋለሁ። ሙያውን ከሥሩ የሚያውቅና ለሰው ሕይወት የሚጨነቅ ሠራተኛ ሲገኝ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

ወጥ ቤታችን ምድር ቤት ነው። ከመንገዱ በደረጃ ተወርዶ ይገባበታል፤ ቦታው ቁልቁለት ስለሆነ የኋላው ግድግዳ ግን ወደ ጓሮ ይወጣል። ቤቱን ስንከራይ የቀድሞው ተከራይ ሲሊንደሮች ያስቀምጥ የነበረው እዚያው ውስጥ፣ ከምድጃው ጎን ካለው መደርደሪያ ሥር ነበር። ቀድመን ያማከርናቸው ሠራተኞች በሙሉ መፍትሔው ከጣሪያው ሥር ማራገቢያ መግጠም ነው አሉን። እኚህ ሰው ግን ገና እንደገቡ ጎንበስ ብለው ወለሉን መመርመር ጀመሩ።

ምክንያታቸውን እንዲህ አስረዱን። እንፋሎትና ጭስ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የማብሰያ ጋዝ ግን ወደ ታች ይወርዳል። ፕሮፔን ከአየር 1.5 እጥፍ ያህል ይከብዳል፣ ቡቴን ደግሞ 2 እጥፍ ገደማ። ስለዚህ ሲያፈተልክ እንደ ውኃ በወለሉ ላይ ተኝቶ ዝቅ ያለውን ቦታ ይፈልጋል። በአየር ውስጥ 2 በመቶ ያህል ከደረሰ ለመቀጣጠል አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ከጣሪያ ሥር ያለ ማራገቢያ ለጭሱ ያስፈልጋል፤ ወለል ላይ ለተኛው ጋዝ ግን አይደርስለትም።

ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁት ከባሕር ነው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል አገልግለዋል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ጅቡቲ ውስጥ የሸራ ጀልባዎችን ሲጠግኑ ቆይተዋል። ጀልባ ውስጥ የፈሰሰ ጋዝ መውጫ የለውም፤ ከወለሉ በታች ባለው ሆድ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ከላይ ብቻ በሚከፈት፣ ወደ ውስጥ ምንም ቀዳዳ በሌለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ከሣጥኑ ግርጌ የሚነሣ፣ ስፋቱ ቢያንስ ግማሽ ኢንች የሆነ ቱቦ ከውኃው ወለል በላይ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ያፈተለከው ጋዝም በራሱ ክብደት ወርዶ ከጀልባው ይወጣል። «የእናንተም ወጥ ቤት መልሕቅ የጣለ ጀልባ ነው» አሉን።

የሠሩልንም በዚሁ መንገድ ነው። ሲሊንደሮቹን ወደ ጓሮ አወጡና ከላሜራ በበየዱት ሣጥን ውስጥ አቁመው በሰንሰለት አሰሯቸው። ሲሊንደር መጋደም የለበትም፤ ከተጋደመ ፈሳሹ ወደ መክፈቻው ይመጣል። የሣጥኑ ጀርባ ድፍን ነው፤ በሩ ግርጌው ላይ ወንፊት አለው። የመዳብ ቱቦው ግድግዳውን የሚያልፍበትን ቀዳዳ በሚገባ ደፈኑ። ከውስጥ ደግሞ እጅ በቀላሉ የሚደርስበት መዝጊያ አኖሩ፤ ያውም ከምድጃው አጠገብ ሳይሆን ከበሩ አጠገብ፣ እሳት ላይ ጎንበስ ብሎ መዝጋት እንዳይኖር። በኋላው ግድግዳ ላይም ከወለሉ ጋር እኩል የሆነ የአየር መውጫ ከፈቱ።

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን የጎረቤታችን ጉዳይ ነው። የአየር መውጫውን ለመክፈት በጣም የሚቀለው ቦታ ከታች ካለው ጎረቤት የምድር ቤት መጋዘን መስኮት ፊት ለፊት ነበር። «የእናንተን ጋዝ አውጥቼ ለሰው ቤት አላስገባም» ብለው እንቢ አሉ። ጠንካራውን ግድግዳ በሌላ በኩል ሲበሱ ዋሉ፤ ለተጨማሪው ድካም አንድ ብር አልጠየቁም። ጎረቤታችን ይህን እስካሁን አያውቅም ነበርና ይህን ጽሑፍ ካነበበ እርሱም ያመስግናቸው።

የወለሉን የውኃ ማስወገጃም አልረሱም። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውኃ ከደረቀ ጋዙ በዚያ ወደ ፍሳሽ መስመሩ ይገባል። ስለዚህ ሁልጊዜ ማታ አንድ ባልዲ ውኃ እንድናፈስስበት አሳሰቡን።

ሲጨርሱ የግፊት መለኪያ ገጠሙ፤ ጋዙን ለቅቀው ሲሊንደሩን ዘጉና ለ3 ደቂቃ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ መርፌውን ተመለከቱ። ከዚያም እያንዳንዱን መጋጠሚያ በሳሙና አረፋ ፈተሹ። በክብሪት መፈተሽ ነፍስ ማጥፋት ነው ይላሉ፤ ትክክልም ናቸው። አብሳዮቻችንን ሰብስበውም ሽታ ሲሰማ የመብራት ማብሪያ አለመንካት፣ መዝጊያውን ዘግቶ መውጣት፣ ከዚያ ውጭ ሆኖ ወደ እሳት አደጋ መከላከያ 939 መደወል እንደሚገባ አስተምረዋል። ትምህርቱ ውስጥ እስከ ዕቃ አጣቢዋ ድረስ ሁሉም ሰው እንዲቀመጥ አደረጉ፤ በማለዳ ቀድማ የምትገባው እርሷ ናትና።

ዋጋቸው ከሌሎች ከፍ ያለ ነው። ሥራ ላይ ሳሉ ስልክ አያነሡም፤ ደጋግሞ መደወል ያስፈልጋል። ይህ ግን ማንንም እንዳያስቀር እለምናለሁ፤ በተለይ መሐል ከተማ በምድር ቤት ወጥ ቤት ያላችሁ ሰዎች እርሳቸውን ጥሩ። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና እሰጣችኋለሁ። ቦታውን መጥተው ሳያዩ ዋጋ ስለማይናገሩ በስልክ ለመደራደር አትሞክሩ።