ሐይቅ እና ሃይቅ፦ ዶክተር ራኬት በግዕዝ ፊደል ሲፈተሽ

ራኬት የሊስፕ ቤተሰብ የሆነ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው፤ እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ፒኤልቲ ስኪም ይባል ነበር። ዶክተር ራኬት ደግሞ አብሮት የሚመጣው ኮድ መጻፊያ ሶፍትዌር ነው። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። ሙሉው ጥቅል ከ100 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላለ ተማሪ አንድ ሰው ያወረደውን በፍላሽ መቀባበል ይቀልለዋል። መመሪያው በሙሉ አብሮ ስለሚጫን ከዚያ በኋላ ኔትወርክ ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። «ሚኒማል» የሚለውን ጥቅል የወሰደ ግን መጻፊያውንም መመሪያውንም አያገኝም፤ ትንሽነቱ አያታልል።

መሣሪያው ዋጋ የሚያወጣው በቀስቶቹ ነው። ማውሱን አንድ ቫሪያብል (ዋጋ የተሰጠው ስም) ላይ ሲያሳርፉት፣ ስሙ ከተሰየመበት ተነስቶ እስከተጠራበት ድረስ ቀስት ይዘረጋል። ለፈረንጅ ይህ ምቾት ነው። በአማርኛ ስም ለሚያወጣ ሰው ግን ያለዚያ መሥራት ከባድ ነው።

ራኬት የግዕዝ ፊደልን በስም ውስጥ ያለ ምንም ማስተካከያ ይቀበላል። ቁልፍ ቃላቱንም ሪኳየር በሚለው ትእዛዝ ውስጥ በሪኔም-ኢን እንደገና መሰየም ይቻላል፤ ስም የሚሰይመውን ዲፋይንን «ይሁን»፣ ዋጋ የሚለውጠውን ሴት!ን «ቀይር» ካልናቸው ላቲን የሚቀረው በፋይሉ አናት ባሉት፣ እዚህ ባልተጻፉት ሁለት መስመሮች ብቻ ነው። ከደሴ የሚነሳ ሚኒባስ ታሪፍ እንውሰድ (ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው)፦

(ይሁን ሐይቅ 60)
(ይሁን ኮምቦልቻ 50)
(+ ሃይቅ ኮምቦልቻ)

ሰው ሲያነበው ስህተት የለበትም። ለራኬት ግን ሐ እና ሃ የተለያዩ ፊደሎች ስለሆኑ ሦስተኛው መስመር ላይ ስሙ አልተሰየመም ብሎ ይቆማል። ይህ ቀላሉ ነው። የሚከፋው ፋይሉን ሁለት ሰው ሲጽፈውና ሌላኛው ከሦስተኛው መስመር በላይ (ይሁን ሃይቅ 45) ብሎ ሲጨምር ነው። ያን ጊዜ ኤረር የለም፣ ሒሳቡ ብቻ ይሳሳታል። ማውሱን የመጀመሪያው ሐይቅ ላይ ሲያሳርፉት ግን አንድም ቀስት አይወጣም፤ የትም እንዳልተጠራ የሚገልጽ ጽሑፍ ብቅ ይላል። መፍትሔው ሃይቅ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጎ በሪኔም ወደ ሐይቅ መለወጥ ነው። ስሙ ቀድሞ መኖሩን ያስጠነቅቃል፤ አልፈው ትርፉን የመሰየሚያ መስመር ይሰርዙ። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐም እንዲሁ ናቸው። በቡድን የሚሠራ የቱን ፊደል እንደሚጠቀም ከመጀመሩ በፊት ይስማማ።

ኪቦርዱም ወጥመድ አለው። በራኬት ማስታወሻ (ኮምፒውተሩ የሚያልፈው ጽሑፍ) የሚጀምረው በላቲኑ ; ነው፤ የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ይህችኑ ቁልፍ ሲጫኗት ፤ ትወጣለችና ማስታወሻ የመሰለው ጽሑፍ እንደ ኮድ ይነበባል። ሁለት ነጥብም (፡) ክፍተት ሆና አትቆጠርም፤ ዋጋ፡ቅናሽ ተብሎ ቢጻፍ አንድ ረጅም ስም ነው። ፩ እና ፪ም ቁጥር አይደሉም፣ ስም ናቸው።

ቀስቱ ሌላም የጀማሪ ግራ መጋባት ይፈታል፦

(ይሁን ታሪፍ 50)
(ይሁን (ጨምር ታሪፍ) (ቀይር ታሪፍ (+ ታሪፍ 10)))
(ጨምር ታሪፍ)
ታሪፍ

መልሱ 50 ነው፣ 60 አይደለም። ለፈንክሽን የሚተላለፈው በቫሪያብሉ ውስጥ ያለው ዋጋ እንጂ ቫሪያብሉ ራሱ አይደለም። ሁለተኛው መስመር መጨረሻ ላይ ያለውን ታሪፍ ማውስ ቢነካው ቀስቱ ከጨምር ጎን ካለው ታሪፍ ይመጣል፤ የላይኛው መስመር ጋ አይደርስም። ፈንክሽኑ የውጭውን ዋጋ እንዲለውጥ ከተፈለገ ዋጋውን በቦክስ (አንድ ዋጋ በሚይዝ ሣጥን) ከትቶ ቦክሱን ማስተላለፍ፣ ውስጥ ደግሞ በሴት-ቦክስ! መለወጥ ነው። ዋጋውን መልሶ ለማየት አንቦክስ።

ቀስቱ የማያየው ጊዜን ነው። አንድን ስም ከመሰየሙ በፊት ከላይ ቢጠሩት ቀስቱ በትክክል ይዘረጋል፤ ሲያስኬዱት ግን ገና ዋጋ አልተሰጠውም ብሎ ይወድቃል። ቀስት ስላለ ብቻ ደህና ነው ማለት አይደለም። ያልተዘጋ ቅንፍ ካለም አዲስ ቀስት አይወጣም።

ራሙ ትንሽ በሆነ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ በየፊደሉ ከበስተጀርባ የሚካሄደው ምርመራ ያዘገያል። ፕሪፈረንስ ውስጥ ባክግራውንድ ኤክስፓንሽን በሚለው ገጽ አጥፍቶ፣ ቀስት ሲፈለግ ከላይ ያለውን ቼክ ሲንታክስ መጫን ይበቃል። የኤረር መልእክቶቹ በሙሉ እንግሊዝኛ ናቸው፤ በዚህ ነጥብ ይቀነስበት። የግዕዝ ፊደልም ከላቲን ስለሚሰፋ ከረጅም ስም ቀጥሎ የሚሰለፉ መስመሮች ተዛንፈው ሊታዩ ይችላሉ፤ ከስሙ በኋላ ወዲያው መስመር መስበር ይሻላል።